ተራዬን ያዝልኝ

ማመልከቻ ጻፍሁ ከራሴ ለራሴ፦
«አሥር ቀን ይሰጠኝ፣ ደክማለች ነፍሴ።»
አለቃዬ አነበበ፤ አለቃዬም እኔ፤
«ይታያል» አለና አኖረው ከጎኔ።
ሦስት ዓመት ታየ።

በአራተኛው ጥር ሚስቴ ኖኤሊያ
ሻንጣ አወጣች፣ ከነመቆለፊያ፦
«ወይ እኛን ታያለህ፣ ወይ ማመልከቻህን፤
እኔ ፈርሜያለሁ፣ ያዝ ኮፍያህን።»

ከሞንቴቪዴዮ በምሥራቅ ርቆ
አለ አንድ መንደር ከባሕር ተጣብቆ፤
መብራት አልገባውም፣ መኪና አይደርሰውም፣
አሸዋ ነው መንገዱ፣ ኔትወርክ አያውቀውም።
የመረጥሁት እኔ ነኝ። «እዚህ ማን ያገኘኛል?»
አልሁ፤ ውሸቴን ግን ጆሮዬ ሰምቶኛል።

ገና በፊተኛው ቀን፣ ሻንጣው ሳይፈታ፣
«ነፋስ ልቀበል» ብዬ ወጣሁ ወደ ጉብታ።
ከተገለበጠችው ከአሮጌዋ ጀልባ
በስተግራ አራት እርምጃ፣ እጅ ከፍ ሲል፣
አንዲት ሰረዝ ገባ።

ሥራዬ ብርድ ነው።
አይብ የሚሠሩ ሰዎች፣ ወተት የሚያጠራቅሙ፣
ማቀዝቀዣቸው ሲያጓራ፣ ሲያቃስት ሲሰሙ
እኔን ነው የሚጠሩ። መካሪ ነኝ፤ መካሪ
ደመወዝ አያውቅም፣ በቀን ሠርቶ አዳሪ።
እረፍት የወጣሁበት ቀን ሁለት ዋጋ አለው፦
አንዱ የጎጆው ኪራይ፣ አንዱ ያልሠራሁት ነው።

ልጄ ካንዴላሪያ አሸዋ ስትቆልል፣
እኔ በስንጥር ሒሳብ ስደምር፣ ሳካፍል፣
ማዕበል መጣና ሁለቱንም ጠረገ።
እሷ ሳቀች።
እኔ በቃሌ ይዤው ነበር።

ማታ ከጉብታው ላይ የካርዶናው አይብ ሠሪ፦
«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አለና፣ ስልኩን
ከሞተሩ ጎን አስጠጋው።
በአንድ ጆሮዬ ባሕር፣ በአንዱ ያ ሞተር፤
ሁለቱም ያቃስታሉ፣ የታመመው ግን አንዱ ነበር።
«ቀበቶው ላልቷል» አልሁት።
ሒሳብ አልላክሁም። እረፍት ላይ ነኛ!

ደግሞ የባልታሳር ነገር አለ።
ባልታሳር ኦልሜዶ፣ የሙያ አባቴ፣
ብርድን በጆሮ ማድመጥ ያስተማረኝ፣
አምና በክረምት ዐረፈ።
«ዐረፈ» ብለው ሲያረዱኝ፣ እግዜር ይይልኝ፣
መጀመሪያ የመጣልኝ
«የት ሄዶ?» የሚል ነበር።

ሳልስቱ ሳይወጣ ስልኬ ጮኸ፤
የሱ ደንበኛ፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ፦
«ነፍሱን ይማር፤ አንተስ መቼ ትመጣለህ?»
«ነገ» አልሁ።
ያ «ነገ» ያለው አፌ ነው ዛሬ የሚያስፈራኝ፤
ጥቂት ቀን ዝም ብል ማን እንደሚተካኝ
አውቃለሁ። አይቼዋለሁ።
በመስታወት።

በስድስተኛው ቀን ባትሪዬ ሞተ።
(ሞተ፤ አላረፈም።)
አንዲት ሱቅ አለች፤ ከጣራዋ ላይ
ጥቁር ሰሌዳ ዘርግታ ትሸጣለች ፀሐይ፤
ስልክ በሰዓት ታስከፍላለች። ከደጃፏ ሰልፍ፦
ከፖርቶ አሌግሬ የመጣች ተርጓሚ፣
ፀሐይ ግንባሩን የላጠችው የቤት ንድፍ ሠሪ፣
ስሙን ያልነገረን የግብር አማካሪ፤
ሁሉም ባዶ እግሩን፣ ሁሉም በቁምጣ፣
ስልኩን እንደ ታመመ ጫጩት በመዳፉ አቅፎ።
«ፈቃድ ላይ ነህ?»
«ፈቃድ ላይ። አንተስ?»
«ፈቃድ ላይ።»
ማንም አልሳቀ።

ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ልጄ እየሮጠች መጣች፤
ጉልበቷ አሸዋ፣ ፀጉሯ ጨው፤ ጎተተችኝ፦
«ና! የባሕር አንበሳው እያዛጋ ነው!
አፉን እንዲህ ከፍቶ!»

ሄድሁ። እውነት ነው፣ ሄድሁ።
ከዓለቱ ላይ እንደ ጆንያ ተዘርግቶ
ያዛጋል፤ አንድ ዓይኑ ግን አልተከደነም፣
ውኃውን ይጠብቃል።
«እሱም የግሉን ሠራተኛ ነው» አልኋት፤ አልገባትም።
እርጥብ እጇን በእጄ ውስጥ ትታ
ጥርሶቹን ትቆጥር ጀመር፤ ተሳሳተች፤
ከአንድ ጀመርን፣ አብረን።

ከሰልፉ ስወጣ ግን፣ ለንድፍ ሠሪው
ጆሮው ላይ ያንሾካሾክሁትን
ለኖኤሊያ አትንገሩብኝ፦
«ወንድሜ፣
ተራዬን ያዝልኝ።»